የታራሚ ምንይሉ እህት

አባቴ እስር ቤት ሳለ ትምህርት ቤቴን ሠርቶልኛል። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ሰቆጣ ከተማ ዳር ያለው፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩበት ትምህርት ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ከጀርባ በኩል ያሉትን አራት የድንጋይ ክፍሎች የሠሯቸው ታራሚዎች ናቸው። ድንጋዩን ከጠረቡት አንዱ አባቴ ምንይሉ ነበር።

ዛሬ እኔ እዚያው ከተማ፣ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ "ይኼ ፊርማ ጎድሎታል፣ ያኛው ማኅተም የለውም" ስል እውላለሁ። ባለጉዳይ ከዝቋላ ቆላ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ መጥቶ በአንዲት ቃል ምክንያት ስመልሰው፣ ፊቴን የሚያይበት አስተያየት አለ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። እናቴና እኔም በዚያ ዓይን ሰው አይተናል።

ነገሩ የሆነው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። አባቴ ከታሰረ አምስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ለምን እንደታሰረ እናቴን ስጠይቃት "በሰው ጉዳይ ገብቶ ነው" ትለኛለች፤ ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አትጨምርም። እኔም በልጅ አእምሮዬ ተረጎምኩት። የሌላ ሰው ጠብ ነበረ፤ አባቴ ሊገላግል ገባ፤ ጥፋተኛው አመለጠ፤ እሱ ተያዘ። በዚህ አባት ስኮራ ኖርኩ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ደረቴን ነፍቼ "አባቴ በሰው ጉዳይ ገብቶ ነው" እላለሁ። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያዩና ወሬ ይለውጣሉ።

እናቴ ማስተዋል የመምህራን ልብስ እያጠበች ነበር የምታሳድገኝ። እኛ የዝቋላ ሰዎች ነን፤ አባቴ ሲታሰር ፍየሎቹን አንድ ሳታስቀር ሸጣ፣ እኔን አዝላ ሰቆጣ ገባች። የፍየሎቹ ገንዘብ የት እንደገባ ጠይቄ አላውቅም፤ የማውቀው ሳሙናና ውኃ የበላውን እጇን ብቻ ነበር። "ትምህርት እንዳይከብድሽ" እያለች ለእኔ በአማርኛ ታወራኛለች። ከባድ ነገር ሲመጣ ግን ከአዋቂ ጋር በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ትጀምራለች። የእኔ ኽምጥኛ ደግሞ የእህልና የውኃ ያህል ብቻ ነበር። "አምጪ፣ ውሰጂ፣ ብዪ፣ ተኚ" እሰማለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ አንዱ ቃል ይገባኛል፣ ሦስቱ ያልፈኛል፤ ያለፈኝን ራሴ እሞላዋለሁ። የቤታችን መከራ ግማሹ እኔ የሞላሁት ነው።

ታራሚዎቹ ትምህርት ቤታችን የመጡት ከጥምቀት በኋላ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ከፊት አንድ ፖሊስ፣ ከኋላ ሁለት። በመስኮት ሳይ አባቴን በአረማመዱ አወቅሁት፤ ቀኝ ትከሻው ወደ ታች ያዘነብላል። እስከዚያ ቀን በጥየቃ የማየው አባቴ ከአጥር ወዲያ ያለ ፊት ብቻ ነበር። አሁን እጅም እግርም ያለው ሰው ሆኖ መጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መዶሻ ነው፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። መምህራችን ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ መዶሻው ይበልጠዋል። በመጨረሻ ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ "እኔ ነኝ ወይስ እነሱ ናቸው የሚያስተምሯችሁ?" ይላል። የድንጋዩ ብናኝ በመስኮት እየገባ ደብተራችን ላይ ይተኛል፤ እርሳስ ሲሄድበት ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ያሰማል።

ታራሚ ማናገር ክልክል ነው። በእነሱና በእኛ መካከል ገመድ ተዘርግቷል። በእረፍት ሰዓት ገመዱ ዳር እቆማለሁ። አባቴ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ከንፈሩ ትንሽ ይላቀቃል፤ ከዚያ ተመልሶ መሮውን ይቀጠቅጣል። ይኼ ይበቃኝ ነበር። እስከ ሦስተኛው ቀን በቅቶኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፀጋ በዚያ አለፈች። ፀጋ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ከፊቴ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነች። ገመዱን ተከትላ ወደ ውኃው ስትሄድ አባቴ መዶሻውን አቆመ። ዝቅ አደረገው። ራሱንም ዝቅ አድርጎ እስክታልፍ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ጠበቀ። እሷ ዞር ብላም አላየችው። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሳልስቱም። ለእኔ መዶሻውን አቁሞ አያውቅም።

አብራን የምትማር የፖሊስ ልጅ ነበረች። "ያንቺ አባት እኮ በነፃ አይደለም የሚሠራው" አለችኝ አንድ ቀን። "አባቴ ነግሮኛል፤ በየወሩ ይከፈለዋል። ለቤተሰብ ይሰጣል።"

እኔ በአሮጌ ደብተሬ ጀርባ ላይ ነበር የምጽፈው። በየወሩ የሚሰጠው ቤተሰብ ማን ነው?

ዛሬ ሕጉ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ሳልፈልግ በቃሌ ይዤዋለሁ። ታራሚ ይሠራል፤ ከሠራውም ድርሻ አለው። በዚያን ጊዜ በነበረው አሠራር ድርሻው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ሲፈታ እንዲወስደው ይቀመጥለታል፣ ግማሹ ውጭ ላለ ቤተሰቡ ይሰጣል። ቅጹ ላይ የተቀባዩ ዝምድና የሚሞላበት መስመር አለ። ከሥሩ እናት፣ አባት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም ይላል። ሌላ የለም። "ሌላ" የሚል እንኳ የለም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው፣ አንድ ታራሚ ከእነዚህ ውጭ ለሆነ ሰው የላቡን ዋጋ መስጠት ይፈልጋል ብሎ አላሰበም። አልፈርድበትም፤ እኔም ስንት ቅጽ አዘጋጅቻለሁ።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ስንቅ ይዘን ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠን ነበር። ስንቁን እኔ ነኝ የያዝኩት፤ በጨርቅ የታሰረው ሳህን ጭኔን ያሞቀዋል። የክፍያ ቀን ስለነበር ሰው በዝቷል። የሥራ ክፍሉ ጸሐፊ አቶ በእውቀቱ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ስም ይጠራሉ።

"የታራሚ ምንይሉ እህት፣ ጥሩሐረግ!"

አንዲት ሴት ተነሳች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች፤ ጥቁር የለበሰችው እድፍ እንዳይታይባት መሰለኝ። ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቷን አትማ ገንዘቡን ተቀበለች። ስትመለስ በእኛ በኩል ማለፍ ነበረባት። እናቴ ተነሳችላት። እናቴ ከቄስ በቀር ለማንም ስትነሳ አይቼ አላውቅም።

"ደህና ሰነበትሽ?" አለቻት፤ መሬት መሬቱን እያየች።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች ሴትዮዋ ሳትቆም። ከበሩ ውጭ ፀጋ ቆማ ትጠብቃት ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ገበያ ቦታው ወረዱ። ሰኞ ፀጋ አዲስ ኮንጎ ጫማ አድርጋ መጣች።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ "አባባ እህት አለው እንዴ?" አልኳት እናቴን።

"ዝም ብለሽ ሂጂ።"

"ሁለት ወንድም ብቻ አለው ብለሽኝ ነበር።"

"አገኘሁሽ፣ ፀሐይ ነው። ሂጂ።" ስሜን ከጠራች ክርክሩ አለቀ።

ከሳምንት በኋላ አለቃ ወልደ ኢየሱስ ከዝቋላ መጡ። የአገራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ጺማቸውን ጠቅልለው የሚይዙ፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው። እናቴ ጠላ ቀዳችላቸውና ወዲያው በኽምጥኛ ጀመሩ። እኔ ጥግ ላይ ደብተሬን ገልጬ ጆሮዬን ጣልኩ። የሰማሁት ይኼን ነው፤ "ጥሩሐረግ" … "መብት አላት" … "ፀጋን" … "ማሳደግ አለበት"። እናቴ ደግሞ ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየቻቸውና "በእጄ አይግባ" አለች። አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዳልሽ ይሁን" ብለው መረቋት።

ምን ቀረ? መብት ያላት ሴት፣ ማሳደግ ያለበት አባት፣ በሐሰት "እህት" የተባለች እንግዳ። አባቴ ሌላ ሚስት አለችው፤ ፀጋ ልጁ ናት፤ የእኔ ደብተር እሷ እግር ላይ ጫማ ሆኗል። እናቴ ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቀች ጠላ ትቀዳለች፤ ትነሳላታለች። በአባቴ ሳይሆን በእናቴ ነበር የተናደድኩት። እንዲህ ዓይነት ሞኝ ሴት እንዴት ወለደችኝ እያልኩ ልብሱን ሳሰጣ ውዬ አመሸሁ።

አቶ በእውቀቱ ከሰዓት በኋላ እየመጡ የታራሚዎቹን የሥራ ቀን ይመዘግቡ ነበር። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ከግራሩ ሥር በርጩማ አስቀምጠው፣ ትልቁን መዝገብ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ይጽፋሉ። እረፍት ሲደወል ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

"ጋሼ።"

"ሂጂ፣ ክፍልሽ ግቢ።"

"እረፍት ነው።"

"እረፍት ከሆነ ተጫወቺ።"

"የምንይሉ ልጅ ነኝ።"

ቀና አሉ። "ከታራሚ ጋር መነጋገር ክልክል ነው።"

"ከእርስዎ ጋር ነው የምነጋገረው። ጥሩሐረግ የአባቴ እህት አይደለችም። አባቴ እህት የለውም።"

እስክሪብቶው ቆመ። "ማን ላከሽ?"

"ማንም።"

"እናትሽ ናት?"

"እናቴ ብታውቅም አትናገርም። ሚስቱ ናት። ልጅም አለችው፤ ያቺውልዎት፣ ኮንጎ ያደረገችው።"

አቶ በእውቀቱ ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹ። "አሁን ይኼን ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?" አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። "ለመምህርሽ አትነግሪም? ለነፍስ አባትሽ አትነግሪም? አልሰማሁም እንዳልል ሰማሁ።"

"የውሸት ማስመዝገብ ክልክል ነው" አልኳቸው። በዚያ ሰሞን ተምረነው ነበር።

"አዎ፣ ክልክል ነው" አሉ። "እግዚአብሔር ያሳድግሽ።" መዝገቡን ዘግተው ተነሱ።

ወደ ግንባታው ዞር ስል አባቴ መዶሻውን አቁሞ እያየኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ሲል አቁሞ። ደስ አለኝ።

ሰኞ አባቴ ከሰልፉ ውስጥ አልነበረም። ማክሰኞም የለም። እሮብ እናቴ ከማረሚያ ቤት ስንቁን እንደያዘች ተመለሰች። ሳህኑን ፈትታ እንኳ ሳታይ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ከሥራው አውጥተውታል" አለች ለራሷ ይመስል። "ሐሰተኛ ቃል አስመዝግበሃል ብለው። ጥየቃም ለአንድ ወር ተከልክሏል። ማን እንደነገራቸው እንጃ።"

"እኔ ነኝ" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመታችኝም። ታመሰግነኛለችም ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱም አልሆነም። ከባልዲው ውስጥ የመምህር ሱሪ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። "እሺ" አለች። "ጉልበቱ ጋ ደህና አድርገሽ እሺው።"

እስከ ዛሬ የማይዋጥልኝ ይኼ ነው። ያኔ እንኳ አልነገረችኝም። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ሥራ ይዤ፣ አንድ ቀን አንስቼባት "ለምን?" ብላት፣ "ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ብዬ ልንገርሽ ነበር?" አለችኝ። ያም ሆኖ አልበረደልኝም።

እውነቱን የሰማሁት ከራሷ ከጥሩሐረግ አፍ ነው። በቀጣዩ ቅዳሜ እናቴ እጄን ይዛ ማረሚያ ቤት ወሰደችኝ። አቶ በእውቀቱ ቢሮ ውስጥ ጥሩሐረግ ከጠረጴዛው ፊት ቆማለች፤ ወንበር ቢሰጣትም አልተቀመጠችም።

"እህቱ አይደለሽም አይደል?" አሏት አቶ በእውቀቱ።

"አይደለሁም።"

"ሚስቱ ነሽ?"

ጥሩሐረግ መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። "ሚስቱ እዚህ ቆማለች" አለች። "እኔ ገበያው የሚባል ሰው ሚስት ነኝ። ምንይሉ በውኃ መውረጃ ላይ፣ በፍየል ጠብ፣ ባሌን በበትር መታው። ባሌ በስምንተኛው ቀን ሞተ። ይኼው ነው ዝምድናችን።"

የጠረጴዛው ጠርዝ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ቀለም ቀለም ይሸታል። አባቴ በሰው ጉዳይ ገብቶ ነው የታሰረው። ጉዳዩ ይኼ ነበር።

"ታዲያ እህት ተብለሽ ለምን ተጻፍሽ?" አሉ አቶ በእውቀቱ።

"ሽማግሌ አስታርቆናል። ግማሹን ካሳ በፍየል ዋጋ ከፈሉ። የቀረውን ሠርቶ ይክፈል፣ ልጄን እስክትደርስ ያሳድግ ተባለ። የእናንተ ወረቀት ላይ እኔ የምቆምበት ቦታ የለም። ካለ አሳዩኝና እዚያ ላይ ጻፉኝ።"

አቶ በእውቀቱ ቅጹን አነሱ። እውነት የሚያገኙ ይመስል ከላይ እስከ ታች አነበቡት። "በሚስቱ ስም ሆኖ እሷ ብትሰጥሽ ኖሮ ምን ነበረበት?" አሉ፤ ወደ እናቴ ዞረው።

እናቴ እጆቿን አየች። "እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት" አለች። "በእጄ ከገባ ለልጄ ደብተር እገዛበታለሁ። አንድ ወር እታገሣለሁ፣ ሁለት ወር እታገሣለሁ፤ በሦስተኛው እሰርቃለሁ። እጄን አላምነውም፤ አለቃንም እንደዚያው ብያቸዋለሁ።"

አቶ በእውቀቱ ቅጹን አስቀመጡት። "ሦስት አዋቂ ሰዎች" አሉ። "አንዱ እንኳ መጥቶ ቢጠይቀኝ ምን ነበር? አንድ ቀን እንኳ?" ቢጠይቋቸው ምን ይሏቸው እንደነበር አውቀዋለሁ፤ ዛሬ እኔ ራሴ የምለውን ነው። ማስረጃ አምጡ።

ያኔም ማስረጃ አምጡ ተባለ። እርቁ በቃል የተፈጸመ ነው፤ ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። አምስቱ ሽማግሌዎች ይፈርሙ፤ አንዱ ግን ሞቷል፤ እንግዲያው መሞቱ በማስረጃ ይረጋገጥ። በላዩ ላይ የወረዳ ማኅተም ይደረግበት። እናቴ እስከ ዝቋላ ወረዳ ከተማ፣ ጽጽቃ ድረስ ሦስት ጊዜ በእግሯ ሄደች። በመጀመሪያው ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ሄዷል ተባለች። በሁለተኛው ሰውየው አለ፣ ቁልፉ የለም። በሦስተኛው ሁሉም ሲገኝ ደብዳቤው ላይ የአባቴ ስም "ምንይለው" ተብሎ ተጽፎ ነበርና አለቃ ወልደ ኢየሱስ እዚያው በር ላይ ተቀምጠው እስኪስተካከል አልነሳም አሉ። ሰማንያ ዓመታቸው ነበር። ተስተካከለ።

በአራተኛው ወር ወረቀቱ ደረሰ። አቶ በእውቀቱ ከቅጹ ዳር፣ "ወንድም" ከሚለው ሥር፣ በእጃቸው መስመር አሰመሩና "የሟች ሚስት፣ በእርቅ" ብለው ጻፉ። ለዚህች አንድ መስመር ስንት አለቃ ማስፈቀድ እንደነበረባቸው እሳቸውና እግዚአብሔር ያውቃሉ። ጥሩሐረግ ገንዘቧን መቀበል ጀመረች። አባቴም ወደ ሥራ ተመለሰ፤ የትምህርት ቤታችን ክፍሎች ግን በሌሎች እጅ አልቀው ጣሪያ ለብሰው ነበር። አራተኛ ክፍልን የተማርኩት እዚያ ነው። ማታ ማታ ለአባቴ ጸልዬ፣ ጠዋት ጠዋት እሱ የጠረበው ግድግዳ ላይ ተደግፌ ፀሐይ እሞቃለሁ። ፀጋ አሁንም አንድ ወንበር ከፊቴ ነበረች። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር፤ እሷም እንድናገራት አልፈለገችም። አንድ ቀን ብቻ ወደ ኋላ ዞር ሳትል ባዶ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። "እናቴ ናት" አለች። "እኔ አይደለሁም።"

ያልተስተካከለው አንድ ነገር ነው። የተፈረደበት ዘጠኝ ዓመት ነበር፤ በመልካም ጠባይ ስድስተኛው ዓመት ላይ በአመክሮ ሊወጣ ይችል ነበር። ፋይሉ ውስጥ ግን "ሐሰተኛ ቃል ሰጥቷል" የሚለው ወረቀት ተቀምጧል። ሐሰቱ ለምን እንደተባለ የሚያስረዳው ደብዳቤም አብሮ አለ፤ ነገር ግን አንዱ ወረቀት ሌላውን አይሰርዝም። አሥራ አንድ ወር ተጨመረበት። እናቴ በእነዚያ ወራት የሁለት መምህራን ልብስ ጨመረች።

የተፈታው በኅዳር ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴና እኔ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆመናል። ሲወጣ ትከሻው ይበልጥ ወርዷል። እናቴን ሳማት፤ እኔን ሳመኝ፤ ጺሙ ይኮሰኩሳል። ከዚያ ጥቅሉን ለእናቴ ሰጥቶ ወደ ቤታችን መንገድ በመሄድ ፈንታ ወደ ታች፣ ወደ ገበያ ቦታው ተጠመዘዘ።

"ወዴት ነው?" አልኩ።

"ተከተይ" አለች እናቴ።

ስድስት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ጠብቄ፣ የመጀመሪያ እርምጃው ወደ እነሱ ቤት ሆነ። ሁሉንም እያወቅሁ እንኳ ያው የዱሮው ንዴት ተመለሰብኝ። ከኋላ ከኋላው እየሄድኩ ድንጋይ እረግጣለሁ።

ጥሩሐረግ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች። አባቴ አሥር እርምጃ ያህል ቀርቶት ቆመ። ከማረሚያ ቤቱ ድንጋይ አንስቶ መጥቷል፤ እንደ አገራችን ወግ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ተንበረከከ። ከደረት ኪሱ ሲፈታ የተሰጠውን፣ የተጠራቀመለትን ገንዘብ አወጣና መሬት ላይ አስቀመጠው።

ጥሩሐረግ ሰፌዱን ከጭኗ አውርዳ ተነሳች። ገንዘቡን አንስታ መቀነቷ ውስጥ አስገባች። ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከአንገቱ አንስታ ወደ ጎን ጣለችው።

"ይኼን ተቀብያለሁ" አለች። "አንተን ግን ደጄ ላይ አልቀበልም። እርቅ ነው የተባለው፤ እንግድነት አልተባለም። ተነስ። ልጅህ ፀሐይ ላይ ቆማለች፤ ይዘሃት ሂድ።"

ፀጋ በበሩ ውስጥ ቆማ ታይ ነበር። አባቴ ተነሳ። ጉልበቱ ላይ ያለውን አፈር እንኳ አላራገፈም። ወደ እኔ መጣና እጄን ያዘ፤ መዳፉ እንደ ድንጋይ ሻካራ ነበር።

ትንሽ እንደሄድን "ለጸሐፊው የነገርኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ። አይቼሻለሁ።"

"ለምን አልተቆጣኸኝም?"

"ምን ብዬ?" አለ። "እህቴ አይደለችም። እውነት ነው የተናገርሽው።"

"አሥራ አንድ ወር አስጨመርኩብህ።"

ቆመ። አባቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስለዚህ ነገር ተናግሮ አያውቅም፤ ዛሬ እኔ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ እየዋለ እንኳ፣ አንስቼ ብነዘንዘው ስለ ዝናብ ያወራኛል። ያን ዕለት ግን ፊቱን ወደ ጥሩሐረግ ቤት መልሶ "ሟቹ ገበያው የቀረበትን ወር ማን ቆጠረው?" አለ።

እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢቆጣኝ ኖሮ አለቅስና ያልፍልኝ ነበር። እሱ ግን ቆሟል፤ እኔም ቆሜያለሁ፤ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ግራና ቀኝ ያልፈናል።

እናቴ ጥቅሉን ከአንድ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ትሄዳላችሁ" አለች፣ "ወይስ እዚሁ ትከርማላችሁ?"

ሄድን።